"ቱ-ቢ" ሁሉ "የወደፊት" አይደለም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው በሚወጡ የጤና ዓምዶች "የወደፊት እናቶች የብረት ንጥረ ነገር ያለበት ምግብ ይመገቡ" ዓይነት አባባል እየተለመደ መጥቷል። "የወደፊት እናት" የሰባት ዓመት ልጅም ልትሆን ትችላለች። እንግሊዝኛው "መዘር-ቱ-ቢ" (mother-to-be) የሚላት ግን ያረገዘችውን ነው። "ነፍሰ ጡር" የሚል ቃል እያለን ምን አስቸገረን?

"ቱ-ቢ" ከስም ኋላ በጭረት ተያይዞ የሚገባ ቅጽል ነው፤ ጉዳዩ እንዲሁ የተመኙት ሳይሆን መንገድ የጀመረ ነው። "ብራይድ-ቱ-ቢ" ሠርጓ የተቃረበ ሴት ናት፤ "ዕጩ ሙሽራ" በትክክል ይገልጻታል። "ዕጩ" የመጣው "አጨ" ከሚለው ግሥ ስለሆነ ለጋብቻ ባዳ አይደለም፤ "ዕጩ ተመራቂ"ም የለመድነው ነው። "የወደፊት ባሏ" ሲባል ደግሞ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ያስኬዳል። ለ"ፋዘር-ቱ-ቢ" አንድ ቃል የለንም፤ "አባት ሊሆን የተቃረበ" ማለት ይሻላል።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉም አንድ ነገር፦ የብዙ ቁጥሩ "ኤስ" ስሙ ላይ ይገባል፣ "ብራይድስ-ቱ-ቢ" ተብሎ። የባለቤትነቱ ምልክት ግን መጨረሻው ላይ ነው። ብዙዎች ሁለቱንም መጨረሻ ላይ ይደርባሉ።

ከሁሉ የከፋው "ውድ-ቢ" (would-be) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ከዚህ ጋር መቀላቀል ነው። እሱ ከስሙ በፊት ይመጣል፤ ምኞትን ወይም የከሸፈ ሙከራን ያሳያል። "ውድ-ቢ አሳሲን" ሊገድል ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው። "የወደፊቱ ነፍሰ ገዳይ ተያዘ" ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ጠንቋይ ይመስላል።

"ፕሬዚዳንት-ኢሌክት"ም ሌላ ነው፦ ተመርጦ ቃለ መሐላ ያልፈጸመ፣ በአሜሪካ ከኖቬምበሩ ምርጫ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 20 እኩለ ቀን ድረስ ያለው ሰው። "ተመራጩ ፕሬዚዳንት" እንጂ "የወደፊቱ ፕሬዚዳንት" አይባልም፤ ይህን ስም ገና የሚወዳደረውም ለራሱ ይሰጣል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን በቢፒአር (መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ) ጥናት የገባው "ቱ-ቢ" ደግሞ ቦታውን ቀይሮ ከስሙ በፊት ይቆማል፤ የ"አዝ-ኢዝ" (as-is፣ አሁን እንዳለ) ተቃራኒ ነው። ለሁለቱ "ነባሩ አሠራር" እና "ሊዘረጋ የታሰበው አሠራር" ቢባል፣ ለጉዳዩ የሚመጣ ባለጉዳይም ይገባዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ