አባዬ፣ ቀይ ባሕርን በወዲያኛው ዳር አየሁት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ወገብህ እንዴት ነው? የዓይንህ ሞራ ከተነሳ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሯል ብሎ ወንድሜ ሲነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ፍራንክፈርት ሁላችንም ደህና ነን። የልጅ ልጅህ ቁመቱ እኔን ሊደርሰኝ ነው።

ባለፈው በስልክ «ባሕር ልትዋኚ ሄደሽ በረሃ ውስጥ ሞተር ምን ያስነዳሻል?» ብለህ ጠየቅከኝ። ሳልመልስልህ ኔትወርኩ ተቋረጠ። በስልክማ ሁሌም እንደዚያው ነን። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። በቃ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። አንተ ዕድሜህን በጭነት መኪና የኖርክ የመኪና ሰው ነህ። ይህን ነገር ከማንም በላይ የምትረዳው አንተ ነህ።

የሄድነው ሻርም ኤል ሼክ ነው። ግብፅ ውስጥ፣ የሲና ምድር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከፊት ለፊቷ የቲራን ደሴት ትታያለች። ስሟን ከሬዲዮ ታስታውሰዋለህ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 የግብፁ መሪ ናስር የቲራንን መተላለፊያ ዘጋ ተብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ የስድስቱ ቀን ጦርነት ተነሳ። በዚያው ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ እስከ 1975 ድረስ አልተከፈተም። አንተ በረዳትነት አሰብ መመላለስ ስትጀምር «ወደቡ ጭር ብሎ ነበር» ያልከኝ ለካ ለዚህ ነው። ደሴቷን እያየሁ ነው የገባኝ።

ባሕሩን አንተ ታውቀዋለህ፣ ብዙ አልልህም። ያው የአሰቡ ውኃ ነው። ልጁ የውኃ መነጽር አድርጎ ዓሣ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱንና አባቱን ውኃው ዳር ትቼ እኔ ወደ በረሃው ወጣሁ።

ሞተሩን ኳድ ይሉታል። ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል በለው። መሪው የሞተር ሳይክል ነው። ጎማዎቹ ግን ወፋፍራም ናቸው፣ በእጅህ ስትጫናቸው ገባ ይላሉ። አየራቸው ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው። አሸዋ ላይ አየሩ የቀነሰ ጎማ ሰፍቶ ስለሚተኛ እንደማይሰምጥ ላንተ አልነግርህም። የጭነት መኪናችሁን የኤንትሬዋን ጎማ አሸዋ ሲይዘው አየር እየቀነሳችሁ ትወጡ እንደነበር ያጫወትከኝ አንተ ነህ።

ማርሽ መቀያየር የለም፣ አውቶማቲክ ናት። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ አውራ ጣት በምትጫን ትንሽ ምላስ ነው። እንደ ሌላው ሞተር እጀታ አይጠመዘዝም። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ሰውነት ሲንገጫገጭ እጅ ሳያውቀው እጀታውን ሊጠመዝዝ ይችላል። አውራ ጣት ግን ለቀቅ ካደረግከው ሞተሩ ወዲያው ይበርዳል። ከኋላዋ ደግሞ አንድ ቀይ ገመድ ተንጠልጥላለች። ጀማሪ ሰው ከቁጥጥር ውጪ ከሆነ አስጎብኚው ሮጦ ገመዷን ይስባታል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ይህችን ሳይ ልቤ አረፈ።

አሁን ደግሞ አንተን የሚገርምህን ልንገርህ። ዲፈረንሻል፣ ኩርባ ላይ ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት የሚያዞረው፣ የላትም! እኔ የነዳኋት ዓይነት የኋላ ሁለት ጎማዎቿ በአንድ አክስል የተያያዙ ናቸው፣ እኩል ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ኩርባ ላይ መሪውን ብታዞርም እሷ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። ቀድመህ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ሰውነትህን ወደምትታጠፍበት ጎን ማዘንበል አለብህ። ዳገት ላይ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ። ገደላማ ቦታ ላይ በጎን መሄድ ክልክል ነው። ኳድ በአብዛኛው የሚገድለው ሲገለበጥ ነውና። በፊት እንዲያውም ባለ ሦስት ጎማ ነበር። ሆንዳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ገበያ ላይ ያወጣው ያንን ነው። ሰው እየገለበጠ ስላስቸገረ በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን እዚያ አገር መሸጥ አቆሙ። ባለ አራቱ ይሻላል፣ ግን እሱም ቢሆን መጫወቻ አይደለም።

ለዚህ ነው ልጁን ያልወሰድኩት። «ከኋላሽ ይቀመጥ፣ ከፈለገም ትንሿን ይንዳ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነዳም እንዳይሳፈርም ይመክራል። ስምንት ዓመት የማይሞላውን ልጅ ያለ አዋቂ ለብቻው ሲያስነዱ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ኢንሹራንሱንም ቢሆን ከመሄዴ በፊት ደውዬ ጠይቄአለሁ። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ በኳድ የሚደርስ አደጋን አይሸፍንም። የእኔ እንደሚሸፍን አረጋግጬ ነው የሄድኩት። የአንተ ልጅ መሆኔን እዚህ ላይ ታውቃለህ። ቦሎውን፣ ሦስተኛ ወገኑን፣ ሁሉን ሳታይ ከግቢ ወጥተህ አታውቅም።

አስር ሰዓት ሲሆን በሚኒባስ ከሆቴል ወሰዱን። ሜዳው ላይ ኳዶቹ ተደርድረዋል። ሄልሜት ሰጡን፣ መነጽር ሰጡን። ከዚያ አስጎብኚው የዐረብ ሻሽ እያመጣ የእያንዳንዳችንን ፊት ጠመጠመልን። ሽማግሌ ነው፣ የዚያው በረሃ ሰው፣ ሙዘይና ከሚባለው ጎሳ። እኔ ጋ ሲደርስ «ተወው፣ እኔ አስራለሁ» አልኩትና ራሴ ጠመጠምኩት። ጫፉን ከግራ ጆሮ በላይ ሸጎጥ፣ አፍንጫ ላይ ጠበቅ። አንተ ሽርጥህን እንደምታስረው ነው። ልጅ ሆኜ ያችን ሽርጥ ስታጣጥፋት፣ ስታነጥፋት፣ ላብ ስትጠርግባት፣ ማታ ስትለብሳት አይቻለሁ። ሽማግሌው አየኝና «ሐበሻ?» አለ። አዎ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀ።

ከመነሳታችን በፊት ሕጉን ተናገረ። አንድ ሰልፍ። እሱ ከፊት፣ ሌላ ሰው ከኋላ። ማንም ማንንም አይቀድምም። እጁን ሲያነሳ ሁሉም ይቆማል። እግር መሬት አይነካም፣ ከነካ የኋላ ጎማ ይዞት ይገባል። ከፊት ካለው ሰው አቧራው እስኪሳሳ ድረስ ራቅ ማለት። ይህን ሲል አባዬ፣ ድምፅህ ነው የመጣብኝ። በአሰብ መንገድ ላይ ማንዳ አካባቢ የአሸዋ ነፋስ ሲነሳ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ይጠፋ ነበር፣ «አቧራ ውስጥ የሚቀድም ሾፌር ቤቱን የጠላ ሰው ነው» ትል ነበር። ትዝ ይልሃል? በኮንቮይ ስትሄዱ ከሰልፍ የወጣውን ሰው ሌሎቹ ሾፌሮች ሻይ እንኳ አብረውት አይጠጡም ነበር ብለኸኛል።

መንገድ ላይ አንድ ወጣት ከፊቴ ነበር። በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ራሱን በስልክ ይቀርፃል። ቆይቶ ከሰልፉ ወጣና ወደ ጎን እየጋለበ ቀደመን። ሽማግሌው እጁን አነሳ። ሁላችንም ቆምን። ምንም ሳይናገር ሄዶ የልጁን ቁልፍ ነቀለና ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ኋላ እያሳየው፣ ጎማው የሄደበትን መስመር እንዲያይ አደረገው። አንድ ቁጥቋጦ ተጨፍልቆ ተኝቷል። «ይህን ፍየል አይበላውም፣ ሰው አይቆርጠውም፣ ዝናብ እስኪመጣ ዓመት የሚጠብቅ ነው» አለ። ልጁ ቀሪውን መንገድ ከኋለኛው አስጎብኚ ጋር ተፈናጥጦ ሄደ። ልክ ነው ያደረገው። በረሃ ባዶ የሚመስለው ለማያውቀው ነው።

ተራሮቹን ብታያቸው! ቀይ ድንጋይ፣ አንድ ዛፍ የሌለበት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደም የሚመስል። አንድ ሸለቆ ውስጥ አቁመውን የገደል ማሚቶ አሰሙን። ሌላው የራሱን ስም ይጮሃል። እኔ «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ተራራው እየደጋገመ መለሰልኝ። አፍሬ አይደለም የምነግርህ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ድንኳን ውስጥ ገባን። መሬት ላይ ምንጣፍ፣ መሀል ላይ እሳት። ሻዩ ስኳሩ የበዛ ነው፣ ሀበቅ የሚሉት የበረሃ ናና ገብቶበታል። ከአመዱ ውስጥ ቂጣ አወጡ። አንዲት ሴትዮ ቂጣውን በእጇ መታ መታ አድርጋ አመዱን አራገፈችና ቆርሳ ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር፣ ውጪው ከረር ያለ፣ ውስጡ እርጥብ። አፋሮች ዲቼቶ ላይ መኪናችሁ ተበላሽቶ ስታድሩ ቂጣና ወተት አብልተዋችሁ ነበር። ያን ስታወራ እናቴ «የሰው አገር ሰው» ብላ ዓይኗ እንባ ይሞላ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ታሪክ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ስንመለስ ጨልሟል። መብራታችንን አብርተን በሰልፍ መጣን። አውራ ጣቴ ደንዝዟል፣ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ወገቤ ተንገጫግጮ አልቋል። የነዳሁት ለመዝናናት ነው፣ ከፍዬ፣ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው እየጠበቀኝ። አንተ ግን ከባቲ ቁልቁል ወርደህ፣ ሚሌን አልፈህ፣ ሰርዶን አልፈህ፣ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊቱን ሙሉ እየነዳህ ነው አሰብ የምትገባው። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለች ጀሪካን በመኪናው ጎን አንጠልጥለህ። ከነተሳቢው ጭነህ ደግሞ ያንኑ ዳገት መመለስ። የእኔ ደብተር፣ የወንድሜ ጫማ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ከዚያ መንገድ ነው የመጣው። አባዬ፣ አመሰግንሃለሁ። ይህን ቃል በደንብ ብዬህ አላውቅም ብዬ እዚያው ሞተሩ ላይ ሆኜ አሰብኩ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990 ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጅቡቲ መሥራት ጀመርክ። ከዚያ በኋላ ስለ አሰብ ማውራት አቆምክ። እኛም አልጠየቅንህም። አሁን ደግሞ መኪናዋን ከሸጥክ ወዲህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ዝም ትላለህ ይሉኛል። ሰው አርባ ዓመት ነድቶ በአንድ ቀን ቁልፍ ሲያስረክብ ቀላል አይደለም። ይገባኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ በሞቴ እምቢ እንዳትል። ጥር ላይ ና። ሻርም በጥር ቀኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ማታ ጃኬት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካይሮ ይገባል። እኔ ካይሮ ድረስ መጥቼ እቀበልህና አብረን እንበራለን። ኳድ አንተን አላስነዳህም፣ ለወገብህ ጥሩ አይደለም፣ ያን ያህል ይንጣል። ጠይቄአለሁ፣ በጂፕ ወደዚያው በረሃ ይወስዳሉ። ከፊት ከሽማግሌው ጋር ትቀመጣለህ። ቋንቋ እንደማያግዳችሁ አውቃለሁ፣ አሰብ ላይ የለመድካት ዐረብኛ ትበቃሃለች።

ደግሞ የቅድስት ካተሪን ገዳም አለ፣ ከሻርም በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል። በ6ኛው መቶ ዘመን ዮስጢኒያኖስ ያሠራው ነው፣ ሙሴ ያያት የምትነደው ዕፅ እዚያ ናት ይባላል። ከበላዩ ያለው የሲና ተራራ 2,285 ሜትር ነው፣ መውጣት አያስፈልግህም፣ ከታች ሆነህ ታየዋለህ። በየሳምንቱ የምታልፍባትን የኛዋን ደብረ ሲናን ስንት ጊዜ እንዳየሃት! እኔ ገዳሙን ሳላይ የተመለስኩት ካንተ ጋር ልሄድ ብዬ ነው።

ፓስፖርትህ ጊዜው አልፎበታል መሰለኝ። ወንድሜ ነገ ዛሬ ሳይል ይዞህ ሄዶ ያሳድስልህ፣ ገንዘቡን ልኬለታለሁ። ለሐኪምህም ስለ ጉዞው ንገረው፣ የደም ግፊት መድኃኒትህን ለሁለት ወር የሚበቃ ያዝዝልህ።

እስከዚያው ደግሞ በስልክ ድምፅህን ቅዳልኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ስለ አፋሮቹ፣ የፈለግከውን። አጭር ይሁን ረጅም ግድ የለም። ከየት ልጀምር ካልክ ከሚሌ ጀምር። እዚያ ድልድዩ ላይ ሌሊት ምን ሆናችሁ ነበር? እናቴ ልጆቹ ፊት አታውራው እያለች ያስቆመችህን፣ መጨረሻውን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

እትዬን፣ ጎረቤቶቹን፣ የሰፈሩን ሰዎች ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ ልጅህ