ቅዳሜ የምንቀምሰው ግሬናሽ ነው

ሰላም ወዳጆች፣

የፊታችን ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት፣ ከዚራ በተለመደው ግቢ እንገናኝ። ወይኑ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ሸለቆ የመጣ ቀይ ወይን ነው፤ የፍሬው ዝርያ ግሬናሽ ይባላል። ስፔኖች ጋርናቻ የሚሉት።

አደራ፣ ቀለሙን አይታችሁ እንዳትንቁት። የፍሬው ልጣጭ ስስ ስለሆነ ወይኑ ፈዘዝ ይላል። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጉና ጠርዙን እዩ። ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ ቆየት ያለ ነው። ገና በወጣትነቱ እንዲህ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፤ ግሬናሽን አየር ቶሎ ይጎዳዋል። ሽታው ላይ እንጆሪና ነጭ ቁንዶ በርበሬ ፈልጉ።

ዋናው ፈተና አልኮሉ ነው። ተክሉ ሙቀት የሚወድ፣ ፍሬውም ስኳር የሚያበዛ በመሆኑ 14፣ አንዳንዴም 15 በመቶ ይደርሳል። ስትውጡት ጉሮሮ ካቃጠለና የፍሬው ጣዕም ወዲያው ከጠፋ፣ ነጥብ ቀንሱ። ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሚዛኑን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ጎበዝ ወይን ጠማቂ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

«በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የሚሉት ነገር ድሬ ላይ አይሠራም። በ30 ዲግሪ የሚሸተን አልኮል ብቻ ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ከምናምን ፍሪጅ አስገባዋለሁ።

ሽቶና ዕጣን ይቅር። ከሰዓት ስትቅሙ የዋላችሁ ደግሞ ዳኝነቱን ለእኛ ተዉልን፤ ጠርሙስ ትከፍታላችሁ። ዳቦና አይብ ከእኔ፣ ብርጭቆ ከእናንተ።