ቤቱን ፋብሪካ ይሥራው፤ ትእዛዙስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

አሥር ዓመት ያህል በኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ በፎርማንነት ሠርቻለሁ። የራሴ ኮንዶሚኒየም ግን የለኝም። የ2005ቱ ተመዝጋቢ ነኝ፤ ዛሬም ተከራይ። ስለዚህ «ቤት በፋብሪካ ተመርቶ ሳይት ላይ ይገጣጠም» የሚል ወሬ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

እንደ አዲስ ነገር መወራቱ ግን ይገርመኛል። በደርግ ጊዜ በዩጎዝላቪያ ቴክኖሎጂ የሕንፃ ክፍሎችን የሚያመርት ፋብሪካ ነበረን። ኮንዶሚኒየምም በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ ሲሞከር ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር የመጣው ዘዴ ግማሽ ተገጣጣሚ ነበር። ቢሙ፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ፣ ቀድሞ ይመረታል። በቢሞቹ መሃል ብሎኬት ይደረደራል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ሶሌታው (የፎቁ ወለል) ሙሉ ካሴሮ፣ ማለትም አርማታው እስኪደርቅ የሚይዘው የጣውላ ቅርጽ፣ ስለማይፈልግ ስንት ጣውላና ባሕር ዛፍ ይተርፍ ነበር!

ሳይት ላይ ጊዜ የሚበላው መጠበቅ ነው። አርማታ ትሞላለህ፣ ውኃ ታጠጣለህ፣ ትጠብቃለህ። ሲሚንቶ ይጠፋል። ክረምት ይገባል። ግንበኛው የተሻለ አግኝቶ ይሄዳል። ፋብሪካ ጣሪያ አለው፤ እዚህ መሠረት ሲቆፈር እዚያ ግድግዳው ይደርቃል። ትርፉ ይኸው ነው፣ ሌላ አስማት የለውም።

ግን አርማታው የሚሞላበት የብረት ቅርጽ፣ ክሬኑ፣ ክፍሎቹን የሚያጓጉዘው ሎቤድ መኪና ውድ ነው። የቤቱ ዋጋ የሚወርደው በአንዱ ቅርጽ ደጋግሞ ሲመረት ብቻ ነው። ሲንጋፖርን እዩ። የመንግሥቷ የቤቶች ቦርድ ለአሥርት ዓመታት ሳያቋርጥ ስላስገነባ ዛሬ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር ሴራሚኩ ተለጥፎ ከፋብሪካ ይመጣል። እኛ አንድ ዙር እንገነባና ገንዘብ ሲያልቅ ቁጭ እንላለን። ፋብሪካው በዚያ መሃል ሠራተኛውን ምን ያብላው?

ሌላም አለ። አግሮስቶን፣ ያ በኮንዶሚኒየሞቹ ውስጥ ክፍል ለመለያየት የተገጠመው የፋብሪካ ግድግዳ፣ ትዝ ይላችኋል? ቁልፍ የተረከበ ስንቱ ሰው ነው መጀመሪያ እሱን አፍርሶ በብሎኬት የተካው! አንዳንዱን በእጄ አፍርሻለሁ፤ ባለቤቶቹ ሚስማር አይዝም፣ የጎረቤት ሳል ያሳልፋል ይሉኝ ነበር። ርካሽ የተባለው ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው። ሰው ተገጣጣሚ ሲባል ፊቱን የሚያጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ሁለት ነገር ይነገረን። ፋብሪካው ለስንት ዓመት፣ በየዓመቱ ለስንት ቤት ትእዛዝ አለው? ቤቱ የሚተከልበት ቦታስ ውኃና ፍሳሽ መስመር ቀድሞ ይገባለታል? ግድግዳው በሳምንት ቆሞ ቧንቧው ዓመት ከተጠበቀ ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ አንድ ናሙና ብሎክ ይቁምና ሰው ገብቶ አንድ ክረምት ይኑርበት። እኔ ለመሞከር ፈቃደኛ ነኝ፤ ልጆቼን ይዤ እገባለሁ።

ከጀሞ፣ አዲስ አበባ