የአይሲቲ ክበብ የዓመት ዘገባ፦ ኤጀንቱ ይጽፋል፣ የሚልከው ሰው ነው

የክበባችን ልጆች ዘንድሮ ብዙ ሠርተዋል። በቤተ ሙከራው የቆሙ ኮምፒውተሮችን ፈታተው፣ ከአንዱ ዕቃ ለሌላው እየወሰዱ አስነስተዋል። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ መተየብ አስተምረዋል። በወላጆች ቀን ከፕሮጀክተሩ አጠገብ የቆሙትም እነሱ ነበሩ። ስለነዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። መጻፍ የምፈልገው ከጥር እስከ ፋሲካ ድረስ ልባችንን ስለያዘው ሥራ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቷ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ እንጀራና ድፎ ዳቦ ይሸጣሉ። በዓል ሲደርስ ደብተራቸውን ይዘው ለደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ይደውላሉ። ግማሹ አያነሳም፤ ካርድም ያልቃል። «ቲቸር፣ ኤአይ ይሄን ሊሠራላት አይችልም?» አለችኝ።

ይችላል። ኤአይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ኤአይ ኤጀንት ስንል ደግሞ ጥያቄ መልሶ ከማቆም አልፎ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ማለታችን ነው። ግን በራሱ እጅ የለውም። እጅ የምንሰጠው እኛ ነን። የኛ ኤጀንት እጅ የጅምላ አጭር መልእክት የሚልክ አገልግሎት ነበር። አገልግሎቱ ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ስልክ ቁጥር፣ ጽሑፍና የሚላክበትን ሰዓት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል ክፍት ደንብ አውጥቷል። ኤጀንቶች ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ መንገድ ነው። እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። ማገናኘቱ ራሱ የሦስት ዓርብ ሥራ ብቻ ነበር። ቀሪውን ጊዜ የወሰዱብን ፊደልና ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ናቸው።

ከፊደሉ ልጀምር። ቢት የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ በቢት 1120 ማለት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚሄድ 160 ሆሄ ይገባል። የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ይፈልጋል። 1120ን ለ16 ሲያካፍሉት 70 ብቻ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ሲያወጡት የሒሳብ መምህራችን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት «ሀ» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ይከፈላል። ክፍሎቹን የሚያያይዝ ምልክትም ቦታ ስለሚወስድ ለእያንዳንዱ የሚተርፈው 67 ነው፤ ክፍያውም በክፍል ነው። ኤጀንቱ መጀመሪያ የጻፈልን ሰላምታና ምርቃት ያለበት ረጅም ደብዳቤ አራት መልእክት በላ። ቆርጠን ቆርጠን እዚህ ላይ ደረስን፦

«ድፎ ዳቦ ለፋሲካ እስከ ሐሙስ ይዘዙ። አልፈልግም ካሉ «በቃኝ» ብለው ይመልሱ።»

የውስጡ ጽሑፍ ከነክፍት ቦታው 49 ነው። ስልክ ቁጥሩ ከነክፍት ቦታው 11 ሲወስድ ለሱቁ ስም ከነክፍት ቦታው 10 ተረፈ፤ በትክክል በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም የመጀመሪያው አጭር መልእክት ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲላክ የላከው ኒል ፓፕወርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ነው። የጻፈው «መልካም ገና» የሚል ነበር፤ የላከውም ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሥራቸው ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጋር የተያያዘ መሆኑ ገባቸው።

ቁጥሮቹም አስቸግረውናል። በደብተሩ ላይ አንዱ በ09፣ አንዱ በ07፣ ሌላው ያለ ዜሮ ተጽፏል። አገልግሎቱ የሚቀበለው ዜሮው ወጥቶ ከፊቱ 251 የገባበትን ብቻ ነው። ይህን ለኤጀንቱ አልሰጠነውም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአጭር ኮድ ጨረሰው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ላለው ሥራ ኤአይ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በየካቲት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው በአባላቱና ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ወላጆች ስልክ ነበር። ኤጀንቱን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ላክ» አልነው። ኤጀንቱ ሦስት ሰዓትን በፈረንጆቹ ሰዓት ቆጠረው። መልእክቱ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከወላጆቹ አንዱ እናታቸው ገጠር ታመውባቸው ነበር። መርዶ መሰላቸው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መነጽራቸውን እስኪያገኙ ባለቤታቸውን ቀሰቀሱ፤ ልጆቹም ተነሡ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። «ለዳቦ ነው?» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ቡና አፈሉልን። ያንን ዝምታ ግን እኔም ልጆቹም አልረሳነውም።

ተመልሰን ሁሉንም ከሥር ጀመርን። ልጆቹ መጀመሪያ ለኤጀንቱ በሚሰጠው መመሪያ ላይ «ሌሊት እንዳትልክ» ብለው ሊጽፉ ነበር። አይበቃም አልኳቸው። ለኤጀንት በቃል መንገር ልጅን «ወደ አስፋልቱ እንዳትወጣ» እንደማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል፤ አንድ ቀን ግን አይሰማም። የግቢውን በር መቆለፍ ሌላ ነው። ስለዚህ መልእክት በሚልከው ኮድ ላይ ራሱ ቁልፍ አደረግን። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ማንም ቢያዝዘው አይልክም። ኤጀንቱም ሰዓት ሲይዝ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፎ ያሳያል።

ሁለተኛው ቁልፍ ይበልጣል። ኤጀንቱ ይጽፋል፣ ሰዓት ይመርጣል፣ ግን አይልክም። ረቂቁ ለሱቋ ባለቤት ስልክ ይሄዳል። እሳቸው «እሺ» ካላሉ ምንም አይወጣም። ጥቅሙን ብዙ ሳንቆይ አየነው። ኤጀንቱ በዕለተ ስቅለት «ያዘዙትን ዳቦ ይውሰዱ» የሚል ማስታወሻ እንላክ ብሎ ረቂቅ አቀረበ። ከሽያጭ አንጻር ሒሳቡ ልክ ነው፤ ከበዓሉ በፊት ሁለት ቀን ቀርቷል። እናት አንብበው «ሰው ሲሰግድ ውሎ እኔ የዳቦ ነገር ልላክበት? አይሆንም» አሉ። ቀረ።

ሦስተኛው ነገር ፈቃድ ነው። ስልካቸው ደብተሩ ላይ ያለ ሰዎች ቁጥራቸውን የሰጡት ለዳቦ ትእዛዝ እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ጠቅሼ በክበቡ ተወያየንበት። ከዚያ ልጆቹ በየዓርቡ ሱቋ በር ላይ ተራ ገብተው ደንበኛ ሲመጣ ጠየቁ። የፈቀደ ተመዘገበ፤ ያልፈቀደ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ተባለ። አንዳንድ አባላት መጀመሪያ አፈሩ። በኋላ ግን ከኮዱ ይልቅ ይህን የወደዱ አሉ።

ኤጀንቱ በእውነት የጠቀመን ሰው ሲመልስ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ዝርዝሩን ለቅቆ ለመውጣት የሚያውቁት «ስቶፕ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው። የኛ ሰው ግን «በቃኝ» በሉ ቢባልም በራሱ ቃል ነው የሚመልሰው፦ «ተዉኝ»፣ «ይቅርብኝ»፣ «ከእንግዲህ አትላኩ»። በላቲን ፊደል «በቃ» ብሎ የጻፈም ነበር። ይህን ሁሉ በኮድ ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። ኤጀንቱ ግን ይረዳዋል። ስለዚህ ሥልጣኑን ለሁለት ከፈልነው። ሰውን ከዝርዝሩ ለማስወጣት ማንንም መጠየቅ የለበትም፤ ወዲያው ያወጣል። ለመላክ ግን ሁልጊዜ ይጠይቃል። በስህተት አንድ ሰው ቢወጣ አንድ ዳቦ ይቀራል፤ ያልፈለገ ሰው ዘንድ ቢላክ ግን እንደዚያ ሌሊት ይሆናል።

አንድ ልጅ የአገልግሎቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ (እንደ ይለፍ ቃል ያለች ናት) ከነኮዱ በክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎት ነበር። በዚያች ቁልፍ ማንም ሰው በሱቋ ስምና ሒሳብ መላክ ይችላል። በሰዓቱ ነግሮን ሰረዝናት፤ አዲስ አወጣን፤ ከኮዱ ውጭ በተለየ ፋይል አስቀመጥናት። ሳይደብቅ ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ።

ለፋሲካ መልእክቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወጣ። «ደርሷል» የሚለው ምላሽ በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሲገባ ልጆቹ ቆመው ያዩ ነበር። እናት በዚያ በዓል አንድም ቀን ደብተር ይዘው ሲደውሉ አልዋሉም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ መቀበል አቆሙ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ይሄዳሉ። ኮዱ፣ የሁለቱ ቁልፎች ማብራሪያና የሰዓቱ ስህተት ታሪክ በቤተ ሙከራው በር አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል። በመስከረም ክበቡን የምትቀላቀሉ ከዚያ ጀምሩ። የደንበኞቹ ደብተር ግን እዚያ የለም። ለባለቤቷ መልሰናል፤ ኮፒም አላስቀረንም።