«ድሀ አስመሰልሽኝ» ላለሽ ሰውዬ

አንቺዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፣ አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በእርሳስ ስለሽው «ድሀ አስመሰልሽኝ» ብሎ ቀሪ ሂሳብ አልከፍልም ያለሽን ሙሽራ ታስታውሽዋለሽ? ያኔ «ያለ ቀለም ሀብት እንዴት ይሳላል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መልስ አጥቼ ሳቅሁ።

ሰሞኑን በፈረንጆቹ 1500ዎቹ መጨረሻና 1600ዎቹ የነበሩ የሆላንድ ሠዓሊዎችን ንድፍ ሳገላብጥ መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ። የዚያን ጊዜ ከበርቴ ነጋዴዎች ክታቸው ጥቁር ልብስ ነበር። ጥልቅና የማይለቅ ጥቁር ማቅለም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጥቁር የለበሰ ሰው ጨዋም ሀብታምም ነው። ያ የተሸበሸበ ነጭ አንገትጌ ደግሞ አጠባው፣ ስታርቹ፣ ተኩሱ አያልቅም፤ ቤትሽ ሠራተኛ እንዳለሽ ሳትናገሪ ይናገርልሻል። እንግዲህ ሠዓሊው ልብሱን በጠመኔ ያጠቁርና አንገትጌው ጋ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል፣ ሁለት ሦስት ጭረት ብቻ፣ የቀረውን ባዶው ወረቀት ይጨርስለታል። ያ ሁሉ የገረዶች ድካም ሠዓሊው ያልደከመበት ቦታ ላይ ይቀመጣል! ብቻዬን ሳቅሁ።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1640 አንስሎ የሚባለውን ሰው የነደፈበትን ፈልጊና እይው። ሰውየው የአምስተርዳም ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ሜኖናይት የሚባሉት የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ሰባኪም ነው። ቀለሙ ቀይ ጠመኔ ነው፣ ያው ሸክላ የመሰለ። ነገር ግን ሰውየው ቤት ውስጥ ባርኔጣውን አላወለቀም፣ ከባድ ካባ ደርቧል፣ አጠገቡ መጽሐፍ አለ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል። በዓመቱ በዘይት ቀለም ሲስለው ደግሞ ከታች አንጋጠን እንድናየው አደረገን። ክብሩ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው።

ቀለም የሚጨመርበትም አለ። የሆላንዷ ከተማ የሃርለም ሠዓሊ ጎልትዚየስ በ1591 ቀራፂውን ጃምቦሎኛን በጥቁርና በቀይ ጠመኔ ሲስለው ሥጋው ሞቅ ያለ፣ ሊያናግርሽ የደረሰ ሆነ። ለዕደ ጥበብ ሰው ይህን ያህል ክብር መስጠቱ ደስ አለኝ።

ከሁሉም ልቤን የወሰደችው ግን የሬምብራንት እጮኛ ሳስኪያ ናት። በተጫጩ በሦስተኛው ቀን፣ ጁን 8 ቀን 1633፣ ጫፉ በሾለ የብር ዘንግ ብራና ላይ ሳላት። የከንቲባ ልጅ ናት፣ ግን የሣር ባርኔጣ አድርጋ፣ አበባ ይዛ፣ ጉንጯን ተደግፋ ፈገግ ብላለች። ማዕረጓ የት ገባ? ብሩና ብራናው ላይ ነዋ! ደግሞ የብር ጭረት እንደ እርሳስ በቀላሉ አይጠፋም፣ እንደ ቃል ኪዳን ነው።

ያንን ሰውዬሽን እንደገና ብትስይው ወንበር ላይ አስቀምጪው፣ ክርኑን ዘርጋ ያድርግ፣ ኮቱን አጥቁሪው፣ ሸሚዙን እንዳትነኪው። ለመሆኑ ቀሪውን ከፈለሽ?