የቅዳሜ መገናኛ፦ የጥገና ማንዋል አነባበብ

ሰላም የጅማ መካኒኮች። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አጂፕ አካባቢ በተለመደው ጋራዥ ተገናኝተን የጥገና ማንዋል መለኪያዎችን አብረን እናነባለን። ማንዋል፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) እና ካልኩሌተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ደብተር ሁላችሁም።

ዋናው ጉዳይ የቡሎን ማጥበቂያ ልክ ነው። የቶዮታ ማንዋል ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ይደረድራል፦ 103 (1,050፣ 76)። የመጀመሪያው ኒውተን ሜትር፣ ሁለተኛው ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው ፉት ፓውንድ ነው። ሦስቱም አንድ ጥብቀት ናቸው። 103ን በፉት ፓውንድ ሬንች ያጠበቀ ሰው ግን ወደ 140 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ቡሎኑ ይሳባል ወይም ጥርሱ ይበላል። ኢንች ፓውንድ የፉት ፓውንድ 1/12 ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት ትንንሽ ቡሎኖችን ይበጥሳል። ይህ ስህተት በጣም ያሳስበኛል።

ቴስታታ (ከሞተሩ ብሎክ በላይ የሚታሰረው ክዳን) ላይ ጊዜ እንወስዳለን። ማንዋሉ «90 ዲግሪ» ሲል ከተጻፈው ጥብቀት በኋላ ሩብ ዙር ጨምሩ ማለት ነው፤ የቡሎኑ አናት ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ጥርሱን ዘይት ቀቡ ካለ በስሱ ነው። የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከተጠራቀመ ሲጠብቅ ታምቆ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አድርቁት።

በማንዋል ግራና ቀኝ የሚባለው ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ ነው። ለጎማ ንፋስ፣ 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ወይም 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን፤ የምትይዙት ማንዋል የየትኛው መኪና እንደሆነም ጨምሩ።