ለድሬዳዋ ጤና ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ፦ ኩላሊቱ የታመመ ወፍራም ሰው የት ይሂድ?

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ከልክ በላይ ወፍራም ሰዎች ክብደት የመቀነሻ ሕክምና እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ከዚራ ውስጥ ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ከባንኮኒው ጀርባ 19 ዓመት ቆሜያለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ አሸዋ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ የ58 ዓመት ደንበኛዬ ናት። (ድሬ ነውና አንቱ አልላትም፤ ብላት ትቆጣኛለች።)

ባለፈው ግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሰዓት ባጃጅ አስቁማ ገባች። «አቦ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብላ በላብ የራሰ ወረቀት ሰጠችኝ። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.4፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን፣ ሁለት የመደመር ምልክት። ከወረቀቱ ጀርባ በእስክሪብቶ «ክብደት ቀንሺ፣ ጨው ተዪ» ተብሏል። ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልገኝም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከየአቅጣጫው ይመጣልኛል።

1.4 ብዙ ሰው «ትንሽ ከፍ ብላለች» ብሎ የሚያልፋት ቁጥር ናት። ከዕድሜዋና ከሴትነቷ ጋር ሲሰላ ግን የኩላሊቷ የማጣራት አቅም ወደ 44 (ሚሊ ሊትር በደቂቃ) ገደማ ወርዷል። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ 104 ኪሎ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60። ያኔ ነው እኔም ያፈርኩት፤ ለጉልበቷ ሕመም ሁለት ዓመት ሙሉ ዳይክሎፌናክ የምሸጥላት እኔ ነበርኩ። ክብደቱ ጉልበቷን ጎዳው፣ ለጉልበቷ የወሰደችው ኪኒን ደግሞ ኩላሊቷን ይጎዳል። አንድ ቀን እንኳ «ኩላሊትሽን ታይተሻል?» አላልኳትም።

ውፍረት ኩላሊትን የሚያጠቃው በስኳርና በግፊት በኩል ብቻ እንዳልሆነ ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል። ገላ ሲገዝፍ የኩላሊቱ ማጣሪያ በቁጥር አይጨምርም፤ ያው ማጣሪያ ጫና ይበዛበታል፣ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ፕሮቲን ማሳለፍ ይጀምራል። ሲብስ የኩላሊት እጥበት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል። ንቅለ ተከላ ላድርግ ያለም ሰው ክብደቱ ይከተለዋል፤ ብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለውን ሰው «መጀመሪያ ቀንስ» ይሉታል። እንግዲህ «ቀንስ» የምትለዋ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራው ትሄዳለች፤ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየው ግን የለም።

ክፍተቱን ገበያው ሞልቶታል። ደንበኛዬ ስልኳን አውጥታ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ፎቶ አሳየችኝ። «ዋላሂ፣ ጎረቤቴ በወር ስምንት ኪሎ ጥላበታለች።» የብራስልስን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ከቻይና ዕፅዋት የተዘጋጀ እንክብል ሲሰጥ በስህተት አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ተክል ገባበትና ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ እጥበትና ንቅለ ተከላ ላይ ወደቁ። ፎቶዋን አጥፍታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለእሷ ደረስኩላት፤ ለጎረቤቷ ግን አልደረስኩም።

አሁን ደግሞ ሴማግሉታይድ የሚባለው የማቅጠኛ መርፌ መጥቷል። በሻንጣ ገብቶ በእጅ ይሸጣል፤ ደንበኞቼ ዋጋ ያስተያዩኛል። መድኃኒቱን ልኮንነው አልፈልግም፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፍሎው የተባለው ጥናት 3,533 የሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አሳትፎ ሴማግሉታይድ ከባድ የኩላሊት ጉዳትንና ተያያዥ ሞትን በ24 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ስኳር በሌለባቸው 101 ወፍራም የኩላሊት ሕሙማን ላይ በዚያው ዓመት የታተመ አነስተኛ ጥናት ደግሞ በ24 ሳምንት ውስጥ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ላይ የሁለተኛው ዓይነት ስኳርና ውፍረት ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመም ጋር ላለባቸው ሰዎች ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል።

የእኔ ስጋት ድሬ ናት። መርፌው ሲጀመር ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። በደቻቱ ዳር በግንቦት ሙቀት፣ ኩላሊቱ 44 ላይ ያለ ሰው ሁለት ቀን ካስታወከና ውሃ ካልተካ፣ ሊያድነው የገዛው መድኃኒት ኩላሊቱን በድንገት ሊጥለው ይችላል። ፆምና ረመዳን ሲጨመሩበት አስቡት። ሁለተኛው ነገር ፍሪጅ ነው። ኦዘምፒክ በሚል ስም የሚሸጠው የሴማግሉታይድ መርፌ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ እስከ 56 ቀን ይቀመጣል። መደርደሪያዬ ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ከሰዓት በኋላ 34 እና 35 ያነባል። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት እናንተም ታውቁታላችሁ። በሻንጣ የገባው መርፌ ስንት ቀን ምን ዓይነት መኪና ውስጥ እንደዋለ ማን ይመሰክራል?

ስለዚህ ቢሮውን የምጠይቀው በመርፌው እንዲጀምር አይደለም። ለእነዚህ ሕሙማን በሳምንት አንድ የታወቀ የሕክምና ቀን ይኑር፤ ሐሙስም ይሁን ሌላ። ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሚዛን ይኑር፤ የእኔዋ 120 ላይ ስለምታቆም ሁለት ደንበኞቼን አሳፍሬ መልሻለሁ። ላቦራቶሪው ክሪያቲኒን ሲያወጣ የማጣራት አቅሙን አስልቶ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ወጪ የለውም። ዳፓግሊፍሎዚን የመሰለ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ ኪኒን ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2020 በ4,304 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ስኳር ላለባቸውም ለሌለባቸውም የኩላሊት መባባስንና ተያያዥ ሞትን በ39 በመቶ ቀንሷል። ክብደት የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ጊዜ ይገዛል። መርፌው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጋር ተነጋግራችሁ በሕጋዊ መንገድ፣ ክትትል ላለው ሰው ብቻ ይምጣ። የጤና መድህኑም ነገር አብሮ ይታሰብ።

የምግብ ባለሙያም ይኑር፤ ግን የድሬን ሳህን የሚያውቅ። «አትክልትና ፍራፍሬ ብይ» የሚል የታተመ ወረቀት እዚህ አይሠራም፤ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ለጨመረበት የኩላሊት ሕመምተኛማ ሙዝና አቮካዶ ጁስ ራሱ አደጋ ነው። በወር አሥር ኪሎ ልጣል ብሎ ሥጋና እንቁላል ብቻ የሚበላም አለ፤ እሱ ደግሞ የታመመ ኩላሊት ላይ ሸክም ይጨምራል። ባለሙያው ስለ በርጫው ይጠይቅ። ጫት ላይ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ከሰዓት ሦስት ለስላሳ ይጠጣል፤ አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ደንበኛዬ ያቆመችው ይህን ብቻ ነው፤ ለስላሳውንና የሻይ ስኳሩን። ዳይክሎፌናኩን እኔ ከለከልኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ሚዛኔ ላይ ትወጣለች፤ ባለፈው ቅዳሜ 99 ነበረች። «ደግመህ መዝን» አለችኝ። ደግሜ መዘንኳት።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ በነፃ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። የስድስት ወር የሙቀት መዝገቤን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከዚራ ፋርማሲስት